ይጮኻል ወይ?

መርዶውን የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከሳቢያን ወደ ከዚራ እየወሰደኝ ሳለ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ "ረሺድ ሞተ እኮ፤ ሰማሽ?" አለኝ።

"የቱ ረሺድ?"

"ጠያቂው።"

ድሬ ላይ ረሺድ የሚባል ሰው ሞልቷል። ልጁ ግን የአባቱን ስም አልጨመረም፣ ሰፈሩንም አልነገረኝም። "ጠያቂው" አለ፤ በቃኝ። ቢሮ መግቢያዬ ሰዓት ነበር፤ "አዙረው፣ ቤቱ ውሰደኝ" አልኩት። የማን ቤት ብሎ አልጠየቀኝም። መንገዱን እሱም ያውቀዋል።

እኔ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ሰው ሲናገር እጽፋለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። ስንቱ ሲናገር ጻፍኩ! ከጻፍኩት ሁሉ ቤቴ ገብቼ ልብሴን ስቀይር ትዝ የሚለኝ ግን የአንድ ሰው ነገር ብቻ ነበር፤ የአዴር ረሺድ።

አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ድሬ ላይ ግን ሶማሌ ሁኚ ኦሮሞ፣ አማራ ሁኚ ሐረሪ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሽማግሌ ሁሉ አዴርሽ ነው። ደስ የሚለው ደግሞ፣ ሽማግሌውም መልሶ "አዴር" ይልሻል። እኔ "አዴር" ስለው እሱም "አዴር" ሲለኝ፣ የውጭ ሰው ቢሰማን ማን የማን አጎት እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር።

"እሳቸው" ሳልል "እሱ" እያልኩ የምጽፈውም ደፋር ሆኜ አይደለም። የድሬ ልጅ ነኝ፤ እኛ ጋ "አንተ" ማለት ንቀት አይደለም። አንድ ጊዜ ከሌላ አገር ተቀይሮ የመጣ አለቃችን ብድግ ብሎ፣ "እርስዎ ክቡር የምክር ቤት አባል፣ እባክዎ ይቀመጡልን" ቢለው፣ አዴር ዞር ብሎ ከኋላው ማን እንደገባ ፈለገ። ማንም የለም። "አቦ! እኔን ነው እንዴ?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አለቃችን ግን አልሳቀም። እስከ ዛሬም "እርስዎ" ይላል፤ ምን ይደረግ።

ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት አዴር ትራንዚተር ነበር። የነጋዴ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ሰው ማለት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲያገላብጥ የኖረው ዲክላራሲዮን ነው፤ በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገረውን ወረቀት። ከዚያ ሥራ ይዞት የመጣው አንድ ነገር ነበር። "ወረቀቱ ሸሚዝ ይላል፤ ካርቶኑ ሲከፈት ጫማ ይወጣል" ይለኝ ነበር። "ሁሌ አይደለም፣ ወላሂ። ብዙ ጊዜ ሸሚዝ ካለ ሸሚዝ ነው። ግን ካልከፈትሽው በምን ታውቂያለሽ?" ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ ሪፖርት ሲያነብ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ይሰቅልና በሁለት ጣቱ ጠረጴዛውን ቆርቆር ያደርጋል። ካርቶን ማንኳኳቱ ነው። ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ረስቶት "መነጽሬን ማን ወሰደው?" እያለ ኪሱን ይዳብሳል። አጠገቡ ያሉት አባላት አይነግሩትም፤ ደስ ይላቸዋላ።

አስም ነበረበት። ከመናገሩ በፊት የምትነፋዋን መድኃኒት ከደረት ኪሱ አውጥቶ አፉ ውስጥ ጭስ ጭስ ያደርጋል። ያኔ እኔም እስክሪብቶዬን አዘጋጃለሁ፤ አዴር ሊጠይቅ ነው።

አሁን ስለ አሸዋው ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም።

ከተማችንን መሀል ለመሀል የሚከፍላት ወንዝ ደቻቱ ይባላል፤ እኛ ግን "አሸዋው" ነው የምንለው፤ ምክንያቱም ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሴቶች ሰልባጅ ልብስ ዘርግተው ይሸጡበታል። ክፋቱ፣ ዝናቡ እኛ ጋ አይዘንብም። ላይ፣ ተራራው ላይ፣ ወደ ደንገጎ ይዘንብና፣ እኛን እዚህ ፀሐይ አናታችንን እየበሳችን ውሃው ድንገት ይመጣል። ሰማይ አይቶ የሚድን የለም። ለዚህ ነው አሸዋው ዳር ሳይረን የተተከለው። ላይ ዝናብ ሲጥል ይጮኻል፣ ታች ያለው ሰው ይወጣል ተባለ። ተመረቀ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከምረቃው ወዲህ ግን ሲጮኽ የሰማው ሰው የለም።

የሚጮኸው አዴር ረሺድ ነበር።

ደንገጎ ላይ ሱቅ ያለው ያጎቱ ልጅ አለ። ተራራው ሲጠቁር ይደውልለታል። "ዘነበ?" "ዘነበ።" በቃ፣ አዴር ምሳውን ትቶ፣ ሽርጡን እንደታጠቀ ቁልቁል ይወርዳል። ቤቱ ለአሸዋው ቅርብ ነው። ዳሩ ላይ ግማሿ የፈረሰች ግንብ አለች፤ እሷ ላይ ይወጣና በሦስት ቋንቋ ይጮኻል። "ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!" ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው። "ውሃ! ቢሻን! ቢዮ!" አማራውም ኦሮሞውም ሶማሌውም ዕቃውን እየጠቀለለ ሽቅብ ይሮጣል።

ከሰልባጅ ሻጮቹ አንዷ ፈቲያ ትባላለች። የኔም ደንበኛ ናት፤ ለሥራ የምለብሰው ሸሚዝ ሁሉ ከሷ ነው። ፈቲያ ሁሌም የመጨረሻዋ ናት። ሌላው ወጥቶ ሲያልቅ እሷ ገና ሸሚዝ እጅጌውን ወደ ውስጥ እያስገባች፣ አንገትጌውን እያቀናች ታጥፋለች። "መጣሁ አዴር፣ መጣሁ!" ትላለች፤ አትመጣም። እሱ ደግሞ እሷ ሳትወጣ ከግንቡ አይወርድም። "አንቺ ሴትዮ! ውሃው ሸሚዝሽ ተጨማደደ ብሎ አይምርሽም! ጠቅልለሽ ውጪ!" ይላታል። "መጣሁ አልኩህ እኮ!" ትለዋለች። እንዲህ እየተጨቃጨቁ ነው በየክረምቱ የምትወጣው።

አንድ ቀን ግን ምሳ ሰዓት ላይ ፈቲያ ጋ ሸሚዝ ልመርጥ ሄጄ ጩኸቱ ደረሰብኝ። ከሷ ጋር ዳር ወጣን፣ ውሃው እንጨትና ጎማ እያንከባለለ አለፈ፣ ሰዉ ሁሉ አላህን አመሰገነ። ዞር ስል አዴር ግንቧ ሥር ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። መድኃኒቷን ይነፋል፣ ይነፋል፣ ትንፋሹ አልመለስ አለ። ፈቲያ ያንን ስንት ጊዜ ያጠፈችውን ሸሚዝ ዘርግታ ታራግብለት ጀመር። እኔ እጁን ይዣለሁ። ኋላ ትንፋሹ ቀስ ብሎ ሲመለስ አየን፣ ፈገግ ለማለት ሞከረ፣ ወደ ሳይረኑ ምሰሶ በአገጩ አመለከተኝ።

"እየውልሽ፣ አዴር። እሱ ጤነኛ ነው፣ ዝም ይላል። እኔ በሽተኛው እጮኻለሁ።"

"ተው አትናገር፣ ትንፋሽህን ሰብስብ" አልኩት።

"ልናገር እንጂ። እኔ ስሞት ማን ይጮኻል?"

መድኃኒቷን ከእጁ ተቀብዬ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።

በሚቀጥለው ጉባኤ የሳይረኑን ጉዳይ የያዘው ቢሮ ሪፖርት አቀረበ። የምክር ቤታችንን ወግ ለማያውቅ ላስረዳ። ኃላፊው ሪፖርቱን ካነበበ በኋላ አባላት እጅ እያወጡ ይጠይቃሉ። ለእያንዳንዱ ወዲያው አይመለስም። ጥያቄው ሁሉ መጀመሪያ ይሰበሰባል፤ የመንገድ መብራቱ፣ የባጃጅ ታሪፉ፣ ቆሻሻው፣ የቧንቧ ውሃው አንድ ላይ ይከመራል። ከዚያ ኃላፊው ይነሣና፣ "የተነሡት ጥያቄዎች በጣም ገንቢ ናቸው፤ ለማጠቃለል ያህል" ይልና ከክምሩ ቀለል ቀለል ያለውን እያነሣ ይመልሳል። ከባዱ ሥር ላይ ይቀራል። ሰዓት ይደርሳል፣ ይጨበጨባል፣ ምሳ።

አዴር የዚያን ቀን "ሳይረኑ ይጮኻል ወይ?" ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ጽፌዋለሁ። መልሱን ልጽፍ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። ስለ ታሪፉ ሰማሁ፣ ስለ መብራቱ ሰማሁ። ስለ ሳይረኑ አንድም ቃል አልመጣም። ተጨበጨበ። አዴር ደግሞ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንደተሰቀለ፣ ዕቃው መጋዘን ውስጥ እንደጠፋበት ሰው አዳራሹን ያያል። አሳዘነኝ።

ከሰዓት ቢሮዬ መጣ። "አዴር፣ የኔ ጥያቄ የት ገባ?"

"ተጠቃለለ" አልኩት።

"ተጠቃለለ ማለት?"

"ጠፋ ማለት ነው።"

ሳቀ፣ ሳሉ እስኪነሣበት። ከዚያ መሳቢያዬን ከፍቼ የምክር ቤቱን የአሠራር ደንብ አወጣሁለት። ደንቡ ውስጥ አንድ አንቀጽ አለ፤ አባል በጽሑፍ ከጠየቀ፣ ኃላፊው ለዚያው አባል፣ ለዚያው ጥያቄ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ጥያቄውም መልሱም ለጉባኤው ይነበባል። ማንም ተጠቅሞበት አያውቅም። ማን ደንብ ያነባል?

አዴር አንቀጿን ደጋግሞ አነበባት። "እንዲህ ያለ ነገር ይዘሽ ነው መሳቢያ ውስጥ የቆለፍሽበት?" አለኝ።

"አንተ መቼ ጠየቅከኝ?"

"እሱስ ልክ ነሽ።"

የመጀመሪያውን የጽሑፍ ጥያቄ አልረሳውም። እኔ ልጻፍልህ ብለው እምቢ አለ፤ ቤቱ ሄዶ ጽፎ አመጣ። ወላሂ፣ ሦስት ገጽ ነው! የሚጀምረው በሰላምታ ነው። "የተከበርክ ወንድማችን፣ እንዴት ከረምክ? ቤተሰብ ደህና ነው ወይ? ልጆች ደህና ናቸው ወይ? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሃል? እናትህ ወገባቸውን ያማቸው ነበር፤ ተሻላቸው ወይ?" ገጹ በዚህ ያልቃል። ቀጥሎ ስለ ዝናቡ አለ፣ ስለ ተራራው አለ። ሳይረኑ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ መሀል ገባ ብሎ ነው ያለው። ሦስተኛው ገጽ ምርቃት ነው።

"አዴር፣ ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ ሠርግ?" አልኩት።

ተቆጣኝ። "ሰው ደጃፍ ሄደሽ ሰላም ሳትዪ ትጠይቂያለሽ እንዴ? ነውር ነው!"

እሺ ብዬ መዝገብ ቤት አስገባሁለት። መልሱ በማኅተም መጣ። አንድ ገጽ ተኩል። ኃላፊው ለመልካም ምኞቱ ከልብ ያመሰግናል። ቤተሰብ ደህና ነው። ልጆችም ደህና ናቸው። የኃላፊው እናትም ሐኪም ጋ ሄደው ተሽሏቸዋል። ሙቀቱ ቢከብድም እየተለመደ ነው። ሳይረኑን በተመለከተ ትኩረት ተሰጥቶ ይሠራበታል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

እያነበብኩለት ሳለ አዴር ማልቀስ የጀመረ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሳቁን ይዞ ነው። "የጠየቅኩትን ሁሉ መልሷል እኮ!" አለ። "ሰውየው ምን አጠፋ? ስለ እናቱ ጠየቅኩት፣ ስለ እናቱ መለሰ!" ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተን ሳቅን። አለቃችን በሩን ከፍቶ አየን፣ መልሶ ዘጋው።

ሳቁ ሲያልቅ አዴር መልሱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ "ሰላምታውን እኔ ራሴ በእግሬ አደርሳለሁ። ወረቀቱ ጥያቄውን ብቻ ይያዝ" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሠራራችን እንዲህ ሆነ። ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር። "አሸዋው ዳር የተተከለው ሳይረን ይጮኻል ወይ?" ሌላ ምንም የለም። ወረቀቱን ግን ለመልእክተኛ አይሰጥም። ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ ቢሮው ድረስ ይሄዳል። "ወሪያ፣ ኃላፊ! እንዴት ነህ?" ብሎ ይገባል። ሰላምታው ይጀመራል፤ ስለ እናት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ጤና፣ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልፍና በሶማሊኛ ያልቃል። ኃላፊው የድሬ ሰው አይደለም፤ መጀመሪያ ሰሞን ቶሎ እንዲያልቅለት ሰዓቱን ያይ ነበር፤ እየቆየ ግን ሻሂ ማዘዝ ጀመረ። ሻሂው ሲያልቅ አዴር ይነሣና ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። "ይሄ ደግሞ የምክር ቤቱ ነው" ብሎ ይወጣል። ወዳጅነቱን ከወረቀቱ፣ ወረቀቱን ከወዳጅነቱ እንዲህ አድርጎ የለየ ሰው አላየሁም።

መልስ መጣ። "ሳይረኑ በጥራት ተተክሏል።"

አዴር ጻፈ። "መተከሉን አይቻለሁ። ይጮኻል ወይ?"

መልስ መጣ። "ለአካባቢው ነዋሪ ግንዛቤ ተሰጥቷል።"

አዴር ጻፈ። "ነዋሪው ጥሩ ያዳምጣል። ይጮኻል ወይ?"

"ምሰሶው ቀለም ተቀብቷል" የሚልም መጥቶ ነበር፣ እውነቴን ነው። አዴር ሁሉንም በጥሞና እያነበበ፣ "ዲክላራሲዮን ነው። ካርቶኑ አልተከፈተም" ይላል። አይሰድብም፣ አይናደድም። እኔ ነበርኩ የምናደደው። አንድ ቀን "እንዲህ ያለውን ሰው ጉባኤ ላይ አዋርደው!" ብለው ቆጣ ብሎ አየኝ። "ላዋርደው ነው እንዴ የጠየቅኩት? እንዲጮኽ እኮ ነው" አለኝ።

ሌላ ቀን ወረቀቷን አኑሮ ሊወጣ ሲል፣ ኃላፊው "አዴር፣ አንዴ ቁጭ በል" አለው። "አንተ" ማለቱን ያኔ ነው የሰማሁት። በሩን ዘጋው። ላብ ላብ ብሎታል።

"አይጮኽም" አለ። "ውስጡ የሚገባ ዕቃ ገና ድሮ ተቃጥሏል። እኔ ሳልመጣ ነው። የተመረቀ ነገር ነው፤ አሁን 'አይጮኽም' ብዬ ብፈርም ምን ይሉኛል? እስከ ዛሬ የት ነበርክ አይሉኝም?"

አዴር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። መድኃኒቷን አወጣና ነፋ።

"ስማኝ፣ አዴር" አለው። ኃላፊውንም አዴር አለው። "አንተ 'ይጮኻል' ብለህ ብትጽፍ እኔ ቤቴ እገባለሁ። 'ተተክሏል' ብትል እመላለስብሃለሁ። 'አይጮኽም' ብትለኝ ግን ያን ወረቀት ይዤ ጉባኤ ላይ እቆማለሁ፤ አንተን ለመክሰስ አይደለም፣ ለዕቃው በጀት ለማስፈቀድ። ምክር ቤቱ ጤነኛ ለተባለ ነገር መድኃኒት አይገዛም። አንዲት ቃል ብቻ ጻፍልኝ። ቀጥሎ ያለውን ሸክም እኔ እይዝልሃለሁ።"

"ቢያባርሩኝስ?"

"ቢያባርሩህ እኔ ቤት ምሳ አለ።"

ኃላፊው ሳቀ፤ ግን ዓይኑ እርጥብ ነበር። እኔም ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መልሱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ማኅተም አለበት፣ ፊርማ አለበት፣ መሀሉ ላይ አንድ ቃል አለ። "አይጮኽም።" አዴር ወረቀቱን እንደ ልጅ ፎቶ ይዞ አየው። ጉባኤው ላይ ሲነበብ አዳራሹ ተንሾካሾከ፣ አንዳንዱ ኃላፊውን ሊበላው ነው። አዴር እጁን አወጣ። መድኃኒቷን ነፋ። "እስከ ዛሬ ብዙ ወረቀት አይቻለሁ" አለ፤ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ። "ካርቶኑን በገዛ እጁ የከፈተ ሰው ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። መጀመሪያ እናመስግነው። ቀጥሎ ዕቃው ይገዛ።" ቁጭ አለ። ጭብጨባው የጀመረው ከኋላ ነው፤ ማን እንደጀመረው አላየሁም። በጀቱ የዚያኑ ቀን ጸደቀ።

እንግዲህ ተረት ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ሳይረኑ ይጮኽ ነበር። ግን አገራችን ነው፤ ዕቃው ታዘዘ፣ ዘገየ፣ ሌላ ዓይነት መጣ፣ ተመለሰ። ክረምቱ ደግሞ አልጠበቀንም። አዴር ከግንቧ አልወረደም። ድምፁ እየሰለለ፣ ሦስቱን ቋንቋ በአንድ ትንፋሽ መጨረስ እያቃተው ሄደ፤ "ውሃ! ቢሻን!" ይልና ለ"ቢዮ" አየር ያጣል። ያኔ ፈቲያ ከታች ሆና "ቢዮ!" ብላ ትሞላለታለች። እሷ ግን ያው፣ ሸሚዝ ታጥፋለች።

ኋላ አልጋ ያዘ። ሚስቱ ኸድራ ከጀርባው ትራስ ደርድራ ታስቀምጠውና እኔ አጠገቡ ሆኜ እጽፋለሁ። "ዕቃው ደረሰ ወይ?" ይላል። እወስዳለሁ። ሰላምታውን እኔ ነኝ የማደርሰው አሁን፤ ስለ እናቱም ጭምር እጠይቃለሁ። መልሱ ይመጣል፤ "አልደረሰም።" በሌላ ጊዜ፣ "ደርሷል፤ አልተገጠመም።" አዴር ትራሱ ላይ ሆኖ ይሰማና፣ "አየሽ እንዴት ያለ ቆንጆ አማርኛ! አንድም ትርፍ የለው!" ይላል። ኸድራ፣ "ለኔ አንድም ቀን እንዲህ ያለ ቃል ተናግሮ አያውቅም፣ ለቢሮ ወረቀት ይዘፍናል" ትላለች። "አንቺማ ሳልጠይቅሽ ትመልሻለሽ" ይላታል። ሳል ያቋርጠዋል። ትራሱን ታቀናለታለች።

የመጨረሻውን ጥያቄ ሲያጽፈኝ ድምፁ አይሰማም ነበር፤ ከንፈሩን አይቼ ነው የጻፍኩት። ያው የመጀመሪያው ነው። "ይጮኻል ወይ?" ወረቀቱን ይዤ ስወጣ እጄን ያዘኝ። "አዴር፣ መልሱን እንዳታምኚ። ሄደሽ ስሚው" አለኝ፣ በከንፈሩ ብቻ።

መልሱ ሳይመጣ ነው የባጃጁ ልጅ በመስታወት ያየኝ።

የዚያኑ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ለለቅሶ ድንኳኑ የተተከለው አሸዋው ዳር ነው። ፈቲያ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ ነጠላዋን አጥፋ ትዘረጋለች፣ ዘርግታ ታጥፋለች። በማግስቱ አለቃችን ጠራኝና፣ በደንቡ መሠረት ጠያቂው አባል ከሌለ ጥያቄው እንደሚዘጋ ነገረኝ። "ይዝጉት" አለኝ፤ እኔንም እርስዎ ይለኛል። አልተጣላሁትም፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል።

ለቅሶው ሳያበቃ ኃላፊው መጣ። ብቻውን፣ በእግሩ። ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ኸድራ ፊት ቆመና ሰላምታ ጀመረ። በአማርኛ ጀመረ፣ በተሰባበረ ኦሮምኛ አለፈ፣ በባሰበት ሶማሊኛ ጨረሰ። ስለ ጤናዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ልጆቿ ልጆች፣ አንድ አልቀረውም። ኸድራ የለበሰችውን ነጭ ሻሽ ወደ ዓይኗ ወሰደች። "አስተምሮሃል" አለችው። እሱ ደግሞ፣ "ጥያቄ ነበረብኝ፤ ልመልስ ነው የመጣሁት። ይጮኻል" አላት። ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ደስ አለኝ፣ አለቀስኩም። ግን አዴር ነዋ ያስተማረኝ፤ ዲክላራሲዮን ነው አልኩ በልቤ። ካርቶኑን አላየሁም።

ስለዚህ ምሳ ሰዓቴን አሸዋው ላይ ማሳለፍ ጀመርኩ። ሸሚዝ የምመርጥ እየመሰልኩ ፈቲያ ጋ እቀመጣለሁ። እሷም ለምን እንደመጣሁ ታውቃለች፤ አትጠይቀኝም። ስለ እሱ እናወራለን፣ ተራራውን እናያለን።

ፀሐይዋ የተለመደችዋ የድሬ ፀሐይ ነበረች፤ ደመና የሚባል ነገር የለም። ፈቲያ አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ እጅጌውን ወደ ውስጥ እያስገባች ነበር። ድንገት ጮኸ። ረጅም፣ ወፍራም፣ ጥርስ የሚያንቀጠቅጥ ጩኸት። ልጆቹ ኳሱን ጥለው ቆሙ። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ።

ማንም ወደ ምሰሶው አላየም። ወላሂ፣ አንዳቸውም። ሁሉም ያዩት ወደ ግንቧ ነው። እኔም ያየሁት እዚያው ነው። ግንቧ ላይ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ሁሉም ዕቃውን ለመጠቅለል ተጣደፈ። ጨርቅ ይለቀማል፣ ልጅ በጀርባ ይታዘላል። ሳይረኑ አላቋረጠም፤ ትንፋሽ አያጥረውም። ዞር ብዬ ፈቲያን አየኋት። ሰማያዊውን ሸሚዝ ይዛ ቆማለች። አላጠፈችውም። እንዳለ ጨምድዳ ከሌላው ጋር ጠቀለለችው፣ ጥቅሉን ብብቷ ሥር ከተተች፣ እጄን ያዘችኝ።

"መጣሁ አዴር፣ መጣሁ" አለች።

የዚያን ቀን ከሁሉም ቀድማ ወጣች።